ሁለት ያርድ ሲቀር

ቡፋሎ ወደብ፣ ከዊሊስ ሃርገር መርከብ
ኦክቶበር 21፣ 1961

እህቴ ሄልሚ፣

ስለ ሹራቡ ጠይቀሽኛል፤ አዎ፣ ለብሼዋለሁ። ስለ ጥርሴ ጠይቀሽኛል፤ አዎ፣ ተነቅሏል። ደህና ነኝ። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃንና አሁን እኔ ልጠይቅሽ፦ ልጅሽ አብዷል ወይ?

ትናንት ምሽት ማዕድናችንን ጭነን በፖርት ዌልዶን ፊት ለፊት ስናልፍ የሜዳው መብራት ከመርከቧ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታየን ነበር። ሬዲዮውም እንደ ልብ ይሰማል። መርከበኛው ሁሉ ማዕድ ቤቱ ውስጥ ታጭቋል። የትምህርት ቤታችን ልጆች በጄሰፕ ቡድን በአራት ነጥብ ተበልጠዋል፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው፤ ኳሷ ግን ከግቡ መስመር ሁለት ያርድ ላይ ናት። ሁለት ያርድ! እኔ ሽማግሌው በደረቴ ብወድቅ የምሸፍናት መሬት እኮ ናት። ተነስቼ «አሁን እዩ! ኳሷን ለልጄ ለሮይ ይሰጡታል፤ አቅፎ፣ ሰብሮ ይገባል» አልኩ። ዘንድሮ እንዲህ ካለ ቦታ ተነስቶ ሳይገባ የቀረበት ቀን የለም።

ልጅሽ ዋረን ግን የትኛውን ጨዋታ ጠራ? ወርውሩ ብሎ ላከ። ወርዋሪው ወረወረ፣ የጄሰፕ ልጅ ጠለፋት፣ አበቃ። ከዚያ ወጥ ሠሪያችን፣ እሱ ደግሞ የጄሰፕ ሰው ነው፣ «የእህትህ ልጅ የሂሳብ አስተማሪ ነው አላልከኝም? ሁለት ስንት እንደሆነ ማን ይንገረው?» አይለኝም! ሰው ሁሉ ተንከተከተ። አፈር በላሁ እልሻለሁ።

እኔ ዋረንን ከሮይ ለይቼ አይቼው አላውቅም፣ ታውቂያለሽ። ለቡድኑ የማጥቃቱን ጨዋታ እንዲጠራ ሲሾሙትም ከአንቺ እኩል ነው የጨፈርኩት። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ሬዲዮው ሮይ ከሜዳው ውጭ ነበር አለ። ውጭ ምን ይሠራል? ሚስቴ አይሊ ካረፈች ወዲህ እኔ ውሃ ላይ ስኖር ልጁ የሚኖረው ከአንቺና ከዋረን ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ የሆነውን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ዲትሮይት ላይ የፖስታ ጀልባዋ ደብዳቤ የያዘውን ባልዲ በገመድ ስትልክልን የአንቺን ደብዳቤ እንዳላጣ።

ወንድምሽ ኡርሆ

ፖርት ዌልዶን
ኦክቶበር 25

ወንድሜ ኡርሆ፣

አላበደም። ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ። ጥርስህ በመነቀሉ ደስ ብሎኛል፤ ሐኪሙ ምላስህንም ጨምሮበት ቢሆን ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኝ ነበር።

ስልክ ልደውል ብለህ ብታስብ፣ እንዳትሞክራት። መስመሩን ከሥጋ ሻጩ ከነኮቫች ቤት ጋር እንደምንጋራ ረሳህ? ስልኩ ሲጮህ ከእኔ ቀድማ የምታነሳው የኮቫች ሚስት ናት። የቤታችን ጉዳይ ነገ ከሥጋው ጋር ተጠቅልሎ ይሸጣል።

አሁን ስማኝ። አንተ የሰማኸው በሬዲዮ ነው፤ እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። የጄሰፕ ልጆች በሙሉ መሃል ላይ ተከምረው ነበር። ለምን? ኳሷ መሃል ለመሃል እንደምትሄድ ኦሃዮ በሙሉ ያውቃላ! ከኋላቸው ያለው ሜዳ ባዶ ነበር። ከእኛዎቹ የኒሚነን ልጅ ብቻውን ቆሞ እጁን ዘርግቷል። ወርዋሪው ትንሽ ከፍ አድርጎ ቢጥላት ዛሬ ዋረንን በትከሻቸው ተሸክመውት ይዞሩ ነበር። የወርዋሪው ጣት ቀዘቀዘ፣ ኳሷ ዝቅ አለች፣ ተጠለፈች። ጥሪው ግን ትክክል ነበር። ሞቼ ልገኝ፣ ትክክል ነበር!

ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ግቢዬ ውስጥ «ይህ ቤት ይሸጣል» የሚል ሰሌዳ ተተክሎ ጠበቀኝ። ነቀልኩት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በምትኩ ሁለት ተተክሏል። ለተሸነፈ አሠልጣኝ የሚደረግ መሆኑን አላጣሁትም፤ በአሮጌው አሠልጣኝ ጊዜ አንተ ራስህ መዶሻ ይዘህ ስትተክል አይቼሃለሁ። ግን ቤቱ የእኔ እንጂ የዋረን አይደለም። ሦስቱንም ሰሌዳ ፈልጬ የእንፋሎት መታጠቢያችንን ሳውናውን አሞቅሁባቸው። ደህና እንጨት ነው፣ እሳት ይይዛል።

ሰኞ ምሽት የደጋፊዎች ማኅበር ፊልሙን ሲያሳይ እኔም ሄድኩ። ሴት አትግባ የሚል ሕግ የለም፤ ገብታ አታውቅም እንጂ። ሥጋ ሻጩ ኮቫች ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ወንበሩ ራሱ ጠቦታል። ያችን ጨዋታ እያስቆመ፣ ወደ ኋላ እየመለሰ፣ ደግሞ እያሳየ አንገበገበን። «እዚህ ላይ ምን እያሰብክ ነበር?» ይለዋል። ዋረን፣ «ክፍት ቦታ አየሁ፣ ወረወርን።» «ሮይን ለምን አላስገባህም?» ዋረን ዝም። «ሰው ሁሉ ይሳሳታል፤ ተሳስቻለሁ በልና እንገላገል።» ልማዱን ታውቀዋለህ፤ የተሸነፈ አሠልጣኝ ተነስቶ ጥፋቱ የእኔ ነው ይላል፣ ቢራ ይቀዱለታል፣ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል፣ ያልቃል። ቢራው ተቀድቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ኡርሆ። የኔ ልጅ ብድግ አለና «የጠራሁት እኔ ነኝ። ነገም ያው ቦታ ላይ ብቆም እጠራዋለሁ» አላቸው። ቤቱ ተናወጠ። ዋናው አሠልጣኝ ብራናገን የጫማውን ጫፍ ሲያይ አመሸ።

ኖቬምበር 9 የትምህርት ቤቱ ቦርድ ይሰበሰባል፤ ኮቫች እዚያም ወንበር አለው። ዋረን እዚያ ቆሞ ተሳስቻለሁ ካላለ ከቡድኑ ይባረራል። ኳስ ለዋረን ምን እንደሆነች ለአንተ አልነግርህም። ፖሊዮ እግሩን ከያዘው ጊዜ ጀምሮ ሜዳ ገብቶ አያውቅም፤ አልጋው ላይ ሆኖ በክብሪት እንጨት የኳስ ጨዋታ እየነደፈ ነው ያደገው። ሌላ ነገር የለውም። እኔ ግን ተሳስቻለሁ በል ብዬ አልለምነውም።

ሮይ ደህና ነው። ይበላል። ለምን ውጭ ሆነ ላልከው፣ አሠልጣኞች የሚያውቁት ነገር ነው። እዚህ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ በርትቷል፤ የፖም ዛፉም ቅጠሉን አራግፎ ጨርሷል።

እህትህ ሄልሚ

ቡፋሎ ወደብ
ኦክቶበር 29

ሄልሚ፣

ስለ ፖም ዛፍ መቼ ጽፈሽልኝ ታውቂያለሽና ነው? ከልጅነታችን ጀምሮ የምትደብቂው ነገር ሲኖር ስለ አየር ጠባይ ታወሪያለሽ። የእናታችንን የሸክላ ድስት የሰበርሽ ቀን ስለ ደመና ስታወሪ አልነበረም?

ባዶ ሜዳ ነበረ ትይኛለሽ። እሺ፣ ነበረ እንበል። ባዶ ሜዳ ኳስ ይይዛል? የቀዘቀዘ ጣት ያለው ልጅ እንዲወረውር ከማድረግ የሞቀ ትከሻ ላለው ልጅ መስጠት አይሻልም? ይሄን ለመረዳት የክብሪት እንጨት አያስፈልግም።

ከደብዳቤሽ ጋር በባልዲው የቅዳሜ ጋዜጣ ወጥቶልኛል። ሮይ በዚህኛውም ዓርብ አልተጫወተም። ካፖርቱን ለብሶ እንኳ ከልጆቹ ጋር አልተቀመጠም ይላል። በየሳምንቱ ሁለት ገጽ የሚሞላልኝ ልጅ አንዲት መስመር አልጻፈልኝም። ደህና ነው ይበላል ትይኛለሽ። ጥጃም ይበላል! ልጄ የት ነው? ዋረን ምን ቂም ይዞበታል?

እንግዲህ ከፋሽም አልከፋሽም እናገረዋለሁ። ራሱ ሮጦ የማያውቅ ሰው የሚሮጠውን ልጅ ሲያይ ምን እንደሚሰማው እኔ አላውቅም። ሲብላላብኝ ከርሟል፤ ይኸው ወጣልኝ።

ለኮቫችም ጽፌለታለሁ። «የሮይ አባት ነኝ። ዋረን ልጄን ለምን እንዳላስገባው ለቦርዱ በአፉ ይናገር፤ ካልተናገረ ይነሳ» ብዬ ፈርሜበታለሁ። ከአንቺ ደብቄ እንዳላደርገው ብዬ ነው የምነግርሽ።

ኡርሆ

ፖርት ዌልዶን
ኖቬምበር 1

ኡርሆ፣

ዛሬ ሰላምታ የለም።

ደብዳቤህን ኮቫች ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ሥጋ ልገዛ ብገባ አውጥቶ አሳየኝ። «የገዛ አጎቱ!» አለኝ፣ ደስታው ፊቱ ላይ ቦግ ብሎ። ሥጋውን ጥዬለት ወጣሁ።

የደበቅኩህን እነሆ። ከጄሰፕ ጋር፣ ከእረፍት መልስ፣ ሮይ ከአንዱ ግዙፍ ልጅ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨ። ወደቀ፣ ተነሳ፣ ሰው አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ጥቂት ተጫውቶ ወደ አግዳሚው መጣና ዋረንን «እማዬ የት ጋ ተቀመጠች?» አለው። አይሊን፣ ኡርሆ። ከቀበርናት አራት ዓመት ያለፋትን። ዋረን ሄልሜቱን ከእጁ ነጠቀና አግዳሚው ላይ አስቀምጦ በላዩ ተቀመጠበት። ብራናገን መጣ። «ምነው? ነቃ እንዲል አሞኒያ አስሽትተውና አስገባው እንጂ! ሁላችንም ተመተን ነው ያደግነው» አለ። ዋረን አልተነሳም። ሁለት ያርድ ሲቀር ሜዳው በሙሉ «ሮይ! ሮይ!» እያለ ሲያብድ፣ ብራናገን ፊቱ ላይ ቆሞ ሲጮህበት፣ ዋረን እዚያው ሄልሜት ላይ ተቀምጦ ነው ወርውሩ ብሎ የላከው። እኔም «ሮይ! ሮይ!» ስል ነበር። ምን አውቄ!

ቤት ሲገቡ ሮይ አስመለሰው። ሌሊቱን ሁለታችንም አጠገቡ ነበርን። ሐኪሙ ክፍሉ ይጨልም፣ አያንብብ፣ አይጻፍ፣ ኳስማ ዘንድሮ እንዳይነካ ብሏል። ያልጻፈልህ ለዚህ ነው። አሁን ተሽሎታል፣ ስሙንም ቀኑንም ያውቃል፤ ብርሃን ግን ገና ያስለቅሰዋል።

ራሱን እንዳወቀ ዋረንን አስማለው። የኮሌጁ ሰው ስለ ኳሱ ሲሉ በነፃ ሊያስተምሩት እንደሚያስቡ ጽፎለት የለም? ጭንቅላቱ ተመታ የሚል ወሬ ከደረሳቸው ይተዉኛል አለ። ቁርጭምጭሚቴን ነው በሉ አለ። ለአባዬም እንዳትነግሩ፣ መርከብ ላይ ሆኖ ያብዳል አለ። ዋረን በእናቴ ሕይወት ብሎ ማለለት። እኔም ማልኩ። ኮቫች «ለምን አላስገባህም?» ሲለው ዝም ያለው ለዚህ ነው። አንዲት ቃል ተናግሮ ቢራውን መጠጣት ይችል ነበር።

«ራሱ ሮጦ የማያውቅ» ያልካትን መስመር ሳነብ ወረቀቱን ምድጃ ልከተው ነበር። ተውኩት። ለገና ስትመጣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ዓይንህን እያየሁ አነብልሃለሁ።

መሐላዬን አፍርሻለሁ፣ እግዜር ይይልኝ። አሁን ለኮቫች ያሻህን ጻፍ።

ሄልሚ

በኤሪ ሐይቅ ላይ
ኖቬምበር 5

ሄልሚ፣ እህቴ፣

ጀምሬ ቀደድኩ፤ ደግሜ ጀምሬ ቀደድኩ። ይቺ ከተቀደደች ወረቀት የለኝም።

ደብዳቤሽን ባልዲው ሲወጣ እዚያው መደረቢያ ሳልደርብ ቆሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ? ለሌላ ሰው አልናገረውም። እኔ ብሆን አስገባው ነበር። እንደ ብራናገን አሞኒያውን አስሽትቼ፣ ጀርባውን መትቼ፣ «በርታ የኔ አንበሳ» ብዬ እልከው ነበር። ሁለት ያርድ ብቻ ነው እል ነበር። እማዬ የት ተቀመጠች እያለኝ! ይሄን ካሰብኩ ጀምሮ ሳህኔን ሳልነካ እመልሳለሁ።

ወጥ ሠሪው ምን ሆነሃል ብሎ ሲጨቀጭቀኝ ነገርኩት። ሊቀልድብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ድንቹን መላጡን ትቶ ተቀመጠ። «እኔ ሂሳብ አያውቅም ያልኩት ያንን ሰው ነው?» አለ።

ስለ እግሩ የጻፍኩትን አንብቢው፣ እፊቴ አንብቢው፣ ይገባኛል። ዋረንን ግን እኔው ራሴ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ በወረቀት የሚባል አይደለም።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ከዚህ ጋር ሌላ ወረቀት አለ፤ ለቦርዱ ነው። ኮቫች የመጀመሪያውን ያንብብ፣ ይጩህበት፣ ደስ ይበለው። ሲጨርስ ተነሺና ሁለተኛውን አንቺ አንብቢ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ጆሮ የላቸውም። ዋረን አፉን አይክፈት። ለሮይ የማለው እሱ ነው፣ ቃሉን ይጠብቅ። እኔ ለማንም አልማልኩም። ሮይ ይጣላኝ፤ ልጄ ነው፣ ይጣላኝ። የኮሌጁም ነገር ከሆነ፣ ለተመታ ጭንቅላት የሚደበቅለት ኮሌጅ ገደል ይግባ።

ያንቺው ኡርሆ

ይሄን ረስቼ፦ ጥሪው ግን አሁንም ልክ አልነበረም። ሮይ ከሌለ የኒሚነንን ልጅ በግራ በኩል ማስሮጥ ነበር። ንገሪው።

ፖርት ዌልዶን
ኖቬምበር 12

ወንድም ዓለም፣

ስለ በግራው ነገርኩት። «በግራ በኩል የቆመው ያ ሮይን የጣለው ግዙፍ ልጅ ነበር፤ አጎቴ መርከቡን ይንዳ» ብሎሃል።

እንዴት ሆነ ብለህ እንቅልፍ እንዳጣህ አውቃለሁና ልጀምር። አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። ኮቫች ያንተን የመጀመሪያ ደብዳቤ አነበበ። አነበበ ልበል እንጂ እንደ ቄስ ነው ያዜመው። «ካልተናገረ ይነሳ» የምትለዋን ሁለቴ ደገማት። ዋረን ከፊት ተቀምጦ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። «ትናገራለህ?» አሉት። «አልናገርም» አለ። ያን ጊዜ ተነሳሁ። ሁለተኛውን ደብዳቤህን አውጥቼ፣ እንዳልከኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። እማዬ የት ተቀመጠች የሚለው ላይ ስደርስ ከሴቶቹ አንዷ አለቀሰች። አዎ፣ ሴቶቹ። በዚህኛው ስብሰባ ብቻዬን አልነበርኩም።

ስጨርስ የኋላ ወንበር ላይ ካሉት አንዱ «እኛስ በጊዜያችን ስንት ጊዜ ተመተናል፣ ምን ሆንን?» አለ። «እሱን ሚስቶቻችሁን ጠይቋቸው» አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የብራናገን ሚስት ሳትቀር ሳቀች።

ኮቫች ቀልቷል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ኡርሆ፤ ወንበሩ ነው የሚያከፋው። «ስለ ልጁ አዝናለሁ። ሄልሜቱን መያዝህንም አደንቃለሁ» አለው። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ግን ሮይ ባይኖርም፣ መወርወሩ ስህተት ነበር። እሷን ብቻ እመንልንና ሥራህን ያዝ።» ገባህ? ሁሉን ነገር ሰምተው፣ አልቅሰው፣ ስቀው፣ አሁንም ቢራቸውን ይዘው የሚጠብቁት ያችኑ ቃል ነው። ሰው ሁሉ ዋረንን ያያል። እኔም አየሁት። በሆዴ በላት፣ የኔ ልጅ፣ አንዲት ቃል ናት አልኩ። ከዚያ ደግሞ እንዳትላት አልኩ። ዋረን ዱላውን ተደግፎ ተነሳ። «ክፍት ቦታ ነበር። ስህተት አልነበረም» አለ።

አራት ለሦስት አባረሩት። የሂሳብ ክፍሉን አልነኩበትም፤ ቡድኑን ግን ወሰዱበት። ወደ ቤት ስንመለስ እኔ ስነፋረቅ እሱ ያጽናናኝ ነበር። እንዳንተ ያለ ግትር ወልጄ የት ልድረስ? ያም ሆኖ ኮራሁበት። ዛሬም ኮርቼበታለሁ።

ሮይ ነገሩ እንደወጣ ከሦስታችንም ተኳረፈ። ከዋረን ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጠም። «ቃል ገብተሽልኝ ነበር» ብሎኝ በሩን ዘጋብኝ። የኮሌጁ ሰው እስካሁን ምንም አላለም።

ዓርብ የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። ዋረን ካፖርቱን ለብሶ ወጣ። «የት ነው?» አልኩት። «ኳስ ልመለከት።» «ያባረሩህን?» «ያባረሩኝ እነሱ ናቸው፤ ኳሷ ምን አደረገችኝ?» ብሎ ትኬት ገዛ። አብሬው ሄድኩ፤ ላቀረቅርላቸው ነው እንዴ! አንድ ብርድ ልብስ ጉልበታችን ላይ ዘርግተን ሕዝቡ መሃል ተቀመጥን። ሰው ፈንጠር ፈንጠር አለልን። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ሮይ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ደረጃውን ወጣ። ጓደኞቹ በስሙ ቢጠሩትም አልሄደላቸውም። መጥቶ ዋረን አጠገብ ተቀመጠ።

ልጆቻችን ግቡ አፍ ላይ ደረሱ። ከኋላችን ኮቫች «መሃል! መሃል ለመሃል!» እያለ ጉሮሮውን ይሰነጥቃል። መሃል ሰጡ፤ ሯጩን አቆሙት። ደግመው መሃል ሰጡ፤ ደግሞ አቆሙት። «ወርውሯት እንጂ፣ እናንተ ደንቆሮዎች!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ዞር ብል ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ኮቫች! ዋረን ሳቁን በስካርፑ ሸፈነ። እኔ ግን አልሸፈንኩም፤ እያየኝ ሳቅሁበት።

ያን ጊዜ ሮይ ሜዳውን እያየ ተናገረ።

«ከጄሰፕ ጋር ያን ቀን ብታስገባኝ እገባ ነበር።»

«ትገባ ነበር» አለው ዋረን።

«ትንሽም አልጠራጠርም።»

«እኔም አልጠራጠርም። ዛሬም ቢሆን አላስገባህም።»

ብርዱ ሲጠና ሮይ የብርድ ልብሱን ጫፍ ከዋረን ጉልበት ላይ ወደ ራሱ ሳበ፤ ዋረንም ለቀቀለት።

እህትህ ሄልሚ